እንደ ውሻ የሚጮኸው አንበሳዬ

እኔ ቀናተኛ ሰው አይደለሁም። ይህን ያልኩትን ለባለቤቴ እንዳትነግሩብኝ፤ ሳቋን አታቆምም። እውነቱን ካወራን አይቀር፣ እኔ ዝናብ በሌለበት ቀን በሰው ጃንጥላ የምቀና ሰው ነኝ። አንድ ጊዜ ጎረቤቴን ጉንፋን ይዞት ሰፈሩ ሁሉ «አይዞህ፣ ዝንጅብል ጠጣበት» እያለ ሲመላለስ አየሁና፣ በማግስቱ አንዲት ማስነጠስ እንኳ ሳይኖርብኝ ተጠቅልዬ ተኝቼ ጠያቂ ጠበቅሁ። ማንም አልመጣም። ሲርበኝ ተነሣሁ።

ቅናት ግን እንዲሁ በየሜዳው አይበተንም፣ ዋና ባለቤት ይፈልጋል። የእኔ ቅናት ባለቤት ይበልጣል ይባላል። እኛ አገር ይህ ስም ሞልቷል። ከማን እንደሚበልጥ ግን ማንም አይናገርም፤ እኔ ነኝ የማውቀው። ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት በአንድ ዶርም፣ በአንድ ተደራራቢ አልጋ ኖረናል፤ እሱ ከላይ፣ እኔ ከታች። ኮምፒውተር ተምረን ስንወጣ ሁለታችንም አስተማሪ ሆንን። እሱ ሞጣ ደረሰው፣ እኔ ቢቸና።

ሚስቴን የሺን ያስተዋወቀኝ እሱ ነው። ልጠይቀው ሞጣ ሄጄ እሱ ዘንድ አየኋት። ሽማግሌ ስልክም ከሽማግሌዎቹ ኋላ ኋላ ጃንጥላ ይዞ የሄደው እሱ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ያልፋል። እኔ ግን «ይህን ያህል ጥሩ ልጅ ከሆነች ለምን ራሱ አላገባትም? ምን አይቶባት ነው?» እያልኩ ሳምንት ሙሉ ምግብ አልበላልኝ አለ። ባይሰጠኝ እቀናለሁ፣ ቢሰጠኝም እቀናለሁ። መድኃኒት የለኝም።

ነገሩ የከረረው የሺ የበኩር ልጃችንን ልትወልድ እናቷ ቤት ሞጣ የሄደች ጊዜ ነው። የበኩር ልጅ እናት ቤት ይወለዳል፤ ይህን እኔ አላወጣሁትም። ወንድ ልጅ ተወለደ። ሄጄ አየሁት፣ ሦስት ቀን ሰነበትኩ፣ ተማሪ መፈተን ስለነበረብኝ ወደ ቢቸና ተመለስኩ። ክርስትናው በአርባ ቀኑ ነው። እስከዚያ አባትነቴ በስልክ ሆነ።

«ዛሬ ይበልጣል ሊጠይቀኝ መጥቶ ነበር» አለችኝ አንድ ቀን ከሰዓት።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ ብሎ ሄደ?»

«ኧረ መች ሄደ! ላፕቶፑን ከፍቶ የሠራውን ጌም ሲያሳየን ዋለ። ራሱ እኮ ነው የሠራው! ገና አላለቀም እንጂ። እማዬማ ገንፎው እስኪያርርባት ድረስ ነው ያየችው።»

አማቴ እትዬ ጥሩወርቅ በዕድሜያቸው ገንፎ አሳርረው አያውቁም። እኔ በቅልቅሉ ቀን ሙሽራ ሆኜ ቤታቸው ስገባ እንኳ ወጣቸውን እያማሰሉ ነበር፤ ቀና ብለው አላዩኝም።

«ስለምንድነው ጌሙ?» አልኩ፣ ግድ እንደሌለው ሰው።

«የቆሎ ተማሪ ነው። አኩፋዳውን አንግቶ፣ ዱላውን ይዞ፣ በየመንደሩ 'በእንተ ስማ ለማርያም' እያለ ቁራሽ ይለምናል። በየመንደሩ ውሻ አለ። አንዷ ውሻ ስታባርረውማ ሮጦ ሮጦ ቁልቋል ውስጥ ገባ! በሳቅ ሞትን!»

እኔ አልሳቅሁም። ያ ቁልቋል የኔ ነው።

አስረዳችኋለሁ። ልጅ ሆኜ አባቴ «መጀመሪያ የአገሩን ትምህርት ይቅመስ» ብሎ አንድ ዓመት ቅኔ ቤት አስገብቶኝ ነበር። ቁራሽ ልለምን በወጣሁ በሦስተኛው ቀን አንዲት ቡናማ ውሻ አባራኝ ቁልቋል ውስጥ ወደቅሁ። ከዚያ የሆነውን ለሰው አልናገርም። በዓለም ላይ እውነቱን የነገርኩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም ዝናብ ዶርም ውስጥ ባገደን ቀን ለይበልጣል። ለየሺ የነገርኳት ሌላ ነው። በእሷ ታሪክ ውስጥ እኔ አልሮጥኩም፤ ዞሬ ውሻዋን በዱላ አንድ ጊዜ አቀመስኳት፣ ውሻዋም እስከ ዕለተ ሞቷ አነከሰች።

እንግዲህ ፍረዱኝ። ሰውየው ታሪኬን ወስዶብኛል። «የኔ ነው!» ብዬ ግን መጮህ አልችልም። የኔ ነው ካልኩ ቁልቋሉም የኔ ሊሆን ነው።

በዚህ መሐል እትዬ ጥሩወርቅ ስልኩን ከየሺ ተቀበሉ።

«ልጄ፣ እንዴት ከረምህ? ስማኝማ፣ የልጁን የክርስትና አባት አስበናል። ይበልጣል ይሁን። ጨዋ ነው፣ ደግሞም የተማረ ነው።»

«እትዬ፣ እኔም እኮ የተማርኩ ነኝ።»

«አንተማ አባቱ ነህ፤ አንተን ምን እናደርግሃለን?»

የልጄ ክርስትና አባት ከሆነ ይበልጣል አበልጄ ሊሆን ነው። አበልጅ ደግሞ ከሥጋ ዘመድ ይከብዳል፤ አይጣሉትም፣ አያሙትም፣ ሲመጣ ተነሥተው ነው የሚቀበሉት። በጓደኛ መቅናት የሰው ነው፣ በአበልጅ መቅናት ግን የንስሐ አባት ፊት ያቆማል። ዕድሜ ልኬን ያሳደግሁት ቅናት በአንድ ጠዋት እርም ሊሆንብኝ ነው!

«እኔ እኮ ሌላ ሰው አስቤያለሁ፤ መምህር ጌጡን» አልኩ ቶሎ ብዬ። ጌጡ እኛ ትምህርት ቤት ስፖርት የሚያስተምር ደግ ሰው ነው። እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ ነው ያሰብኩት፤ በመስኮት ሲያልፍ አየሁት።

«ምንድነው ሥራው?»

«ስፖርት ያስተምራል።»

«ስፖርት!» አሉ። «እንግዲህ ልጁ ሯጭ ከሆነ ይጠቅመው ይሆናል። ይበልጣል ግን ያንን የመሰለ ነገር በእጁ ሠርቶ…»

«ጌም ከሆነ እኔም እሠራለሁ!» አፌ ነው የተናገረው፣ እኔ አልነበርኩበትም። «ከይበልጣል የሚበልጥ ጌም ሠርቼ የክርስትናው ዋዜማ ይዤ እመጣለሁ። እርስዎ ራስዎ ይፍረዱ። ከበለጠ የክርስትና አባቱ ጌጡ ይሆናል።»

«ካልበለጠስ?»

«ካልበለጠ ይበልጣል።»

«በል እሺ፣ ቃልህ ነው» ብለው ስልኩን ለየሺ መለሱላት። የሺ ስትስቅ ሰማኋት።

ሠላሳ አንድ ቀን ቀረኝ።

ይበልጣል የተጠቀመበት ነገር ቱዲ፣ ማለትም በጠፍጣፋ ሥዕል የሚጫወቱትን፣ ጌም መሥሪያ ፍሬምወርክ ነው። እንዲህ አስቡት፤ ማገሩ ቆሞ፣ ጣሪያው ተከድኖ የሚጠብቃችሁ ቤት ነው። የሚሮጠውን ሰው፣ የሚዘለለውን ገደል፣ የሚሰማውን ድምፅ ብቻ እናንተ ታስገባላችሁ። በነፃ ነው የሚገኘው። ለማውረድ ግን ቢቸና ላይ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ሁለት ጊዜ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው መብራት ጠፋ።

አከራዬ ጋሼ ምሕረቴ በረንዳ ላይ እንደተቀመጥኩ መጡና በትከሻዬ አጮልቀው አዩ።

«ቀን ሙሉ የምታፈጥበት ምንድነው?»

«ጌም መሥሪያ ነው ጋሼ። ውስጡ ለማንም ክፍት ነው። ኦፕን ሶርስ ይሉታል።»

«ማን ሠራው?»

«በየአገሩ ያሉ ሰዎች ናቸው። አይተዋወቁም። አንዱ የጎደለውን ይሞላል፣ ሌላው የተበላሸውን ያቃናል።»

«ደቦ ነዋ! ጠላውን ማን ጠመቀ?»

«ጠላ የለውም።»

«ጠላ የሌለው ደቦ!» ጋቢያቸውን አጣፉ፣ አዘኑላቸው መሰለኝ። «ታዲያ ለድካማቸው ምን ይላሉ?»

«ወስዳችሁ እንዳሻችሁ አድርጉት፣ የሠራውን ሰው ስም ብቻ አትፋቁ ነው የሚሉት።»

«ስም አትፋቅ ብቻ? ይህማ ምን ይከብዳል!»

«ምንም አይከብድም» አልኩ። ይህን ቃሌን ያዙልኝ።

ሥራው ተጀመረ። እኔ ተማሪዎቼን ኮምፒውተር ሳስተምር አብዛኛውን ጊዜ መብራት የለም፤ ኮምፒውተሩን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥዬ ነው የማስተምረው። ስለዚህ እውቀቴ በጠመኔ የዳበረ ነው። በሳምንቱ አንድ ሰማያዊ አራት ማዕዘን ስክሪኑ ላይ ቆመ። በአሥረኛው ቀን ተንቀሳቀሰ። በደስታ ጌጡን ጠርቼ አሳየሁት።

«ጥሩ ነው» አለ ጌጡ። «ምንድነው?»

«ጀግና ነው።»

«አሃ፤ እኔ ካርቶን መስሎኝ።»

በማግስቱ ጀግናዬ እንዲዘል አደረግሁት። ዘለለ። ሲመለስ ግን የሚያርፍበት መሬት መሥራት ረስቼ ኖሮ ወደ ታች ወረደ፤ ወረደ፣ ወረደ፣ ከስክሪኑ ጠፋ። አሁንም እየወረደ ይሆናል። መሬት ስሠራለት ደግሞ መሬቱ ራሱ አብሮት መዝለል ጀመረ።

ክርስትናው ሁለት ሳምንት ሲቀረው የሺ ደወለች። «ይበልጣል እኮ ጌሙን ጨረሰው! ኮዱንም ማንም ይጠቀምበት ብሎ ኢንተርኔት ላይ ለቀቀው።»

«እናንተ አያችሁት?»

«መጨረሻውን አላየንም። ለክርስትናው ዕለት ነው የማሳያችሁ ብሏል። ያንተስ እንዴት ሆነ?»

«የኔማ እየዘለለ ነው» አልኩ። ውሸት አልነበረም።

ኮዱን አወረድኩት። ለማየት ያህል ነበር። ጎመን ቤት ለማየት ያህል የገባች ፍየል ታውቃላችሁ? ከፍቼ አየሁት። እንዴት ያለ ንጹሕ ሥራ ነው! በየመስመሩ ሥር «ይህ እንዲህ ያደርጋል፣ ያ እንዲህ ያደርጋል» ብሎ በትሕትና ጽፏል፣ ከኋላው ለሚመጣ ሰው አስቦ። ከስድብ ይልቅ ትሕትናው ነው የሚገድለኝ። ቢኩራራ እኮ እገላገለው ነበር።

ከዚያ የሆነውን ሳልሸፋፍን እናገራለሁ። ጌሙን እንዳለ ወሰድኩት። የቆሎ ተማሪውን አውጥቼ ጋሻና ጎራዴ የያዘ፣ ደረቱ የሰፋ ጀግና አስገባሁ። ውሾቹን አውጥቼ፣ ከተማሪ ደብተር ሽፋን ላይ ያነሣሁትን አንበሳ በየመንደሩ አቆምኩ። ቁልቋሉን ከነሥሩ ነቀልኩት። በመጨረሻም ኮምፒውተሩን «ይበልጣል የሚል ስም ባየህበት ሁሉ የኔን ስም ተካ» ብዬ አዘዝኩት። በአንድ ዓይን ጥቅሻ ተካ። ስም መፋቅ እውነትም አይከብድም።

ፋይሎቹን ሁሉ ግን አላየኋቸውም፤ ሠላሳ ያህል ናቸው። «መጨረሻ» የሚል አንድ ፋይል ነበር፤ መጨረሻ ላይ አየዋለሁ ብዬ ተውኩት፣ ከዚያም ተረሳ። የላፕቶፔም ስፒከር ከሞተ ዓመት ስላለፈው ድምፁንም አልሰማሁትም።

ጌሙን ስሞክረው አንድ ችግር አጋጠመኝ። ሁለቱን መንደር አልፋለሁ፣ ሦስተኛው ላይ ግን አንበሳው ይበላኛል። ብሮጥ ይደርስብኛል። ብዘልም ይዘላል። ጎራዴው ሥዕል ብቻ ስለሆነ አይቆርጥም። ወደ ታች የምታመለክተውን ቀስት ሲጫኗት ጀግናው ቁጭ ይላል። ይህን ምን ይሉታል? አንበሳ እየመጣበት ቁጭ የሚል ጀግና የት አገር አለ? ልሰርዘው ነበር፣ ሌላ ነገር እንዳይበላሽ ፈርቼ ተውኩት። አርባ ጊዜ ሞከርኩ፣ አርባ ጊዜ ተበላሁ። «እኔ ሠሪው ነኝ እንጂ ተጫዋች አይደለሁም» ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ሠሪውም አለመሆኔን በዚያች ሰዓት ረስቼዋለሁ።

በዋዜማው ጌጡንና ላፕቶፑን ይዤ አውቶቡስ ገባሁ። ጌጡ አዲስ ቱታ ለብሷል፤ ክርስትና አባት ሊሆን መሆኑ ደስ ብሎታል። እስከ ደብረ ወርቅ ላፕቶፑን እንደ ታቦት አክብሬ ታቅፌ፣ ከደብረ ወርቅ እስከ ሞጣ ደግሞ በላፕቶፑ ላይ የሰው ጤፍ ጭኜ ሄድኩ።

እትዬ ጥሩወርቅ ቤት ዘመድ ሞልቷል። የሺ ልጁን ታቅፋ ተቀምጣለች፤ ወፍሯል፣ አምሯል፣ ሲያየኝ አለቀሰ። ጥግ ላይ ደግሞ ይበልጣል ተቀምጧል።

«እኔ ነኝ የጠራሁት» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ። «ዳኝነት ካለ ሁለቱም ወገን ይገኛል።»

መመለስ አይቻልም። ላፕቶፑን ከፈትኩ። ጀግናው ከነጋሻው ብቅ ሲል ዘመድ ሁሉ «አቤት!» አለ። ይበልጣልን በጎን አየሁት። ዛፎቹን አየ፣ ጎጆዎቹን አየ፣ አጥሩን አየ። የራሱ እጅ ሥራ ነው፣ እንዴት ይጠፋዋል? ትንሽ ቆይቶ ግን «ጋሻው ያምራል» አለኝ። ከልቡ ነው! እንዲህ ያለ ሰው ያናድዳል አያናድድም?

«ድምፅ የለውም እንዴ?» አለ ቀጥሎ። «ቆይ፣ እኔ ትንሽ ስፒከር ይዣለሁ።» ተነሥቶ ራሱ ሰካልኝ።

አንበሳው ጎፈሩን ነስንሶ ከጫካ ወጣና አፉን ከፈተ።

«ው! ው! ው! ው!»

ከዚያ ሳቁ መጣ። አንድ ሽማግሌ «ኧረ ይህ አንበሳ ማን አሳድጎት ነው?» አሉ። የሺ ልጁ እንዳይወድቅባት ለጎረቤቷ አቀበለችው። እኔ ያላየ ያልሰማ መስዬ መጫወቴን ቀጠልኩ፤ ሦስተኛው መንደር ደረስኩና ተበላሁ። ደገምኩ፣ ተበላሁ። ሠለስኩ፣ ተበላሁ። ጌጡ ከኋላዬ «በርታ! ትንፋሽህን ሰብስብ!» ይለኛል።

«ተነሥልኝማ» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ።

«እትዬ፣ ቁልፉን አያውቁትም…»

«ተነሥ አልኩህ።» ተቀመጡ። ጀግናዬን በሌባ ጣታቸው እያንቀረፈፉ፣ እኔ በሩ ላይ አድርሼላቸው ወደነበረው ሦስተኛ መንደር አስገቡት። አንበሳው እየጮኸ መጣ።

«ይሩጡ እትዬ! ይዝለሉ!» አልኩ።

«ምን ያሯሩጠኛል? ይህ እኮ ውሻ ነው፣ ጩኸቱ አይሰማህም? ውሻ ሲመጣ ቁጭ ነው የሚባለው። ይህን የማያውቅ የሰው ልጅ አለ? ቁጭ ማድረጊያው የትኛው ነው?»

«የታችኛው ቀስት» አለ ይበልጣል ቀስ ብሎ።

ተጫኑት። ጀግናዬ ከነጋሻውና ከነጎራዴው መሬት ላይ ቁጭ አለ። አንበሳው መጣ፣ አሸተተው፣ ጩኸቱን አቆመ፣ አጠገቡ ተኛ። ስክሪኑ ነጣና ጽሑፍ ወጣ። እኔ በሕይወቴ አይቼው አላውቅም። የሺ ጮክ ብላ አነበበችው፤

«እስከዚህ ለደረስህ ሁሉ፦ ይህ ታሪክ የእኔ አይደለም፣ የዶርም ጓደኛዬ ነው» አለችና ስሜን ጠራች። «ልጅ ሆኖ ቁራሽ ሲለምን ውሻ አባራው ቁልቋል ውስጥ ወደቀ። መሮጥ ቢያቅተው ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ውሻዋም ዝም ብላ አጠገቡ ተኛች፣ እስኪላመዱ ድረስ አብረው ቆዩ። ይህን ሲነግረኝ አፍሮ ነበር። እኔ ግን ከሰማሁት ታሪክ ሁሉ ይህን የሚያህል አልወደድኩም። የጓደኛዬ ልጅ ሲያድግ እንዲጫወትበት ሠራሁለት። ከወንድሙ ከ…» አለችና ቆመች። እንደገና ስሜን ጠራች።

ቀና ብላ አየችኝ። «ለራስህ ነው ደብዳቤ የጻፍከው?»

ጌጡ አጨበጨበ። ብቻውን ነበር ያጨበጨበው።

ስም ፋቅሁ ብዬ ስለ እኔ በተጻፈ ደብዳቤ ላይ የራሴን ስም አስፈርሜያለሁ። ይበልጣል መሬት መሬት ያያል፣ የሚያፍረው እሱ የሆነ ይመስል።

«እኔ ለማንም ብዬ ነው የለቀቅሁት እትዬ» አለ። «መውሰድ ይቻላል። አንበሳውንም የጨመረው እሱ ነው።»

«አንበሳውንም ከደብተር ሽፋን ላይ ነው የወሰድኩት» አልኩ። ከዚያ በኋላ ምን ልደብቅ?

«ቆይ» አለች የሺ፣ «ቁልቋሉ ያንተ ነው?»

«የኔ ነው።»

«ያቺ ያነከሰችው ውሻስ?»

«እሷ አላነከሰችም። እኔ ነኝ ያነከስኩት።»

የምትቆጣ መስሎኝ ነበር። ዓይኗ እንባ እስኪያቀር ሳቀች፣ ከዚያ እጄን ያዘችኝ። «ይኼኛውን ብትነግረኝ ኖሮ ሽማግሌ ሳትልክም አገባህ ነበር» አለችኝ።

እትዬ ጥሩወርቅ ከመቀመጫቸው ተነሡ። «የሁለቱ ጌም አንድ ነው። አንዱ ካንዱ አልበለጠም። ቃል የገባኸው ምን ነበር?»

ጌጡን አየሁት። «እኔ እንኳ ነገ ኳስ አለብኝ» አለ ደጉ ሰው፣ ቱታውን እያስተካከለ። ምንም ኳስ አልነበረም።

ላፕቶፑን ሳብኩና የፋቅሁትን ስም በገዛ ጣቴ፣ ፊደል በፊደል፣ ወደ ቦታው መለስኩ። የኔም እውነተኛ ስም በመሐል ስላለ በአንድ ጊዜ የሚመልስ ትእዛዝ አልነበረም። ሁሉም ጠበቁኝ። ሲያልቅ «ይበልጣል ይሁን» አልኩ። እንባ የመጣው ከእሱ ነው ወይስ ከእኔ፣ ተውት።

በማግስቱ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ልጄ በእኔ እጅ ሲያለቅስ አረፈደ። ይበልጣል ሲቀበለኝ ልጁ ማልቀሱን ተወ። ሕፃን እንኳ! ልቀና ነበር፣ ግን አበልጄ ነውና ተውኩት።

ከዚያ አራት ዓመት አለፈ። በቀደም ልጄ ጭኔ ላይ ሆኖ ያንን ጌም ይጫወታል፤ የቆሎ ተማሪው ተመልሷል፣ ውሾቹም፣ ቁልቋሉም። ሦስተኛዋ ውሻ እየጮኸች ስትመጣ ምንም ሳይደነግጥ የታችኛዋን ቀስት ተጫነ።

«ማን አስተማረህ?» አልኩት።

«የክርስትና አባቴ!» አለኝ፣ ዓለምን በሚያህል ኩራት።

ልነሣ ነበር። «እሱን ያስተማርኩት እኔ ነኝ! ታሪኩ የኔ ነው! ቁልቋሉ የኔ ነው!» ልል አፌን ከፍቻለሁ። ያ የድሮው ቅናቴ ከሩቅ እየጮኸ ሲመጣብኝ ተሰማኝ።

ቁጭ አልኩ።